የሕያው አባት ስም

ደብረ ኤልያስ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየብርጓል፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሕፃኑስ እንዴት ነው? እናትሽ እመት ወለተ ኢየሱስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን የፈረስ ነጋዴው ባዘዘው ትናንት አደረሰልኝ። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ሰው እንደ ድሮው በወረቀት መነጋገሩ እኔን ሽማግሌውን ጠቅሞኛል። በስልክማ "ይሰማዎታል ወይ?" ስትሉኝ ብራችሁ ያልቅ ነበር።

ወንድ መሆኑን እንደሰማሁ ጉባኤውን አቋርጬ ደቀ መዛሙርቱን አስጨበጨብኳቸው። ለምን እንደሚያጨበጭቡ የነገርኳቸው ካጨበጨቡ በኋላ ነው። ካህን ሆኜ፣ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ቤት ገብቼ መቅደስ መቆም ስለማልችል ነው እንጂ ይኼን ጊዜ ሮብ ገበያ ደርሼ ገንፎውን ስሻማችሁ ነበር። ስለዚህ እስከ ክርስትናው፣ እስከ ኅዳር ሰባት ድረስ የልጅ ልጄን የማቅፈው በወረቀት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ የባልሽ የአንተነህ የክርስትና ስም ዘካርያስ ነው። ያወጣሁለትም እኔው አባቱ ነኝ። ስሙ የዕብራውያን ነው፤ እነሱ ዘካርያ ይላሉ። ፊተኛው ማሰብን ይናገራል፣ ኋለኛው ያህ የሚለው የእግዚአብሔር ስም ነው። ሲገጥም "እግዚአብሔር አሰበ" ማለት ይሆናል። ግሪኮች ግን የወንድ ስም መጨረሻው ላይ "ስ" ካልተጨመረበት ጫማ ያልተጫማ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ዘካርያስ አሉት። ሉቃስም በወንጌሉ የጻፈው እንደዚያ ነው። መጽሐፋችን ከግሪኩ ስለተመለሰ ለእኛም ጫማውን እንደተጫማ ደረሰን። የምኖርበት ደብርም ኤልያስ የተባለው በዚሁ መንገድ ነው። ግእዛችን ግን ለዕብራይስጡ ዘመድ ነውና ሥሩ አልጠፋበትም፤ ዘከረ ብንል አሰበ ማለታችን ነው። ዝክር የምንዘክረውም፣ ለሞተ ሰው ተዝካር የምናወጣውም ከዚያው ሥር ነው። የግሪኩንና የዕብራይስጡን ነገር የነገረኝ አዲስ አበባ ሄዶ የተማረው ደቀ መዝሙሬ ዓለምነው ነው። እኔ ያስተማርኩት ልጅ መልሶ ሲያስተምረኝ አልከፋኝም። ትንሽ ነው የከፋኝ።

"ስሙን ወድጄዋለሁ፣ ለልጁም ይኸው ቢሆንስ?" ላልሽው ግን አይሆንም። የመጥምቁ ዮሐንስ እናት የኤልሳቤጥ ዘመዶችም እንዳንቺ ሕፃኑን በአባቱ በዘካርያስ ስም ሊጠሩት ፈልገው ነበር፤ እናቲቱ ናት እንቢ ያለች። በእኛ ቤትማ ነውር ነው። አባት በሕይወት ሳለ ስሙ ለልጁ አይሰጥም፤ ዕድሜውን እንደ መውረስ ይቆጠራል። ሌላ ስም እስካስብልሽ ታገሺኝ።

አንተነህ በመኪናው የጫነውን ድንች አራግፎ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በእኔ በኩል እንዲያልፍ ንገሪው። ማር ምናምን ይዞ እንዳይለፋ፣ እሱ ራሱ ይበቃኛል።

አባትሽ ቄስ ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ፍሥሐ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎን ቅቤ ያስቀቡት። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ተደብቄ ነው። እናቴ "አራስ ወረቀት ካየች ዓይኗ ይደክማል" ብላ ልትቀማኝ ነበር። አምስተኛ ክፍልን የማስተምር ሰው ነኝ ብላትም አልሰማችኝም።

ልጁ ደህና ነው። ጠጥቶ ይተኛል፣ ተነሥቶ ይቆጣል። ቁጣው የእርስዎ ነው ይላሉ፤ እኔ ምንም አላልኩም።

አንተነህ ገና አልመጣም። የመጣ ሰው ሁሉ "ባልሽ መቼ ነው የሚመጣ?" ይለኛል። የጎረቤቴ የሔዋን ልጆች እንኳ ደጅ ቆመው ይጠይቁኛል። "ሰሞኑን" እያልኩ አፌ ደከመ። መንገዱ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ደጀን ላይ ቆሞ እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ ቀደምም ሁለት ሳምንት ቆሞ ያውቃል። የሚያስቆጣኝ መቆየቱ ሳይሆን፣ ወንድ ልጅ መውለዴን ሳያውቅ ድንች ላይ ተቀምጦ ስለ ነዳጅ መጨቃጨቁ ነው።

ስሙን ከከለከሉኝ እሺ፣ ሌላ ይላኩልኝ። ግን ያ ዘካርያስ ዲዳ የሆነው ለምን ነበር? ልጅ ሆኜ ስሰማው አሳዝኖኝ ነበር። ልጅ ትወልዳለህ ተብሎ አንደበቱ መያዙ ምን የሚሉት የምሥራች ነው?

ልጅዎ የብርጓል


ደብረ ኤልያስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017

ይድረስ ለምወድሽ ለልጄ ለየብርጓል፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? እመት ወለተ ኢየሱስስ እንዴት ናቸው? ሔዋንና ልጆቿስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ገብሱስ እንዴት ነው? ዝናቡ አልጎዳውም? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ዓይኔን አሞኝ ነበር። ጽሕፈቴም ቢበላሽብሽ ከዚያው የመጣ ነው።

ስለ ዘካርያስ ጠይቀሽኛል። ዕጣን ሊያጥን ቤተ መቅደስ ገብቶ ሳለ መልአኩ ልጅ ትወልዳለህ ቢለው በምን አውቃለሁ ብሎ ተጠራጠረ፤ ስለዚህ ሕፃኑ እስኪወለድና ስሙ እስኪወጣ ድረስ አንደበቱ ተያዘ። ሲወጣ ሕዝቡ ከበው ጠየቁት፤ በእጁ ይጠቅሳቸው ነበር እንጂ መናገር አልቻለም። ይህን ክፍል ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። የጥርጥሩን ነገር ነበር አብዝቼ የማስተምረው። ያንን ሁሉ ቀን እንዴት ዝም ብሎ እንደዋለና እንዳደረ አስቤው አላውቅም ነበር።

ለሕፃኑ ዮሐንስ የሚለውን አስቤልሻለሁ። በዕብራይስጥ ዮሐናን ነው፣ እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ፣ ራራ ማለት ነው። የእኛ መምህራን ደግሞ ፍሥሐ ወሐሤት ብለው ይተረጉሙታል፤ ደስታ ማለት ነው። በአያቱም ስም በጓሮ በር እንደ መጠራት ይቆጠርለታል። ዘካርያስ "አሰበ" ነው፣ ኤልሳቤጥ "አምላኬ መሐላዬ" ነው፣ ዮሐንስ "ራራ" ነው። ሦስቱን ስም አያይዘሽ ብታነቢው እግዚአብሔር መሐላውን አስቦ ራራ ይልሻል። አንድ ቤተሰብ በስሙ ብቻ ጸሎት ሆነ።

ከቤት እንዳትወጪ፣ ብርድ እንዳያገኝሽ። ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይገባብሽ ለእናትሽ በባዘዘው መልእክት ልኬላቸዋለሁ። አራስ ገላዋ ክፍት ነው፣ የሰማችው ሁሉ ይገባታል። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ። ሌላው ሁሉ ከኅዳር ሰባት በኋላ ይደርሳል።

አባትሽ ቄስ ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017

ይድረስ ለአባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎን ተሻለዎት? ላሚቱ ገና አልወለደችም። ገብሱም ደህና ነው። በደብዳቤዎ ያልጠየቁኝ ነገር አልነበረም፤ የላሚቱን እንኳ ጠይቀዋል። አንዱ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም ረስተውት ይሆናል ብዬ ልተወው ሞከርኩ። አልተወኝም።

እዚህ ቤት አንድ ነገር ተለውጧል። ባለፈው የጻፍኩልዎት ጥያቄ፣ ያ "ባልሽ መቼ ነው የሚመጣ?" የሚሉት፣ ቆሟል። በአንድ ቀን ነው የቆመው። ሔዋን ልጆቿን ከደጃፌ ትጠራቸዋለች። ባዘዘው ሌላ ጊዜ ጠላውን ሳይጨልጥ፣ ፈረሱን ሳያሞግስ አይሄድም ነበር፤ ትናንት ወረቀቱን ለእናቴ በበር አቀብሎ መንገዱን ያዘ። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነው የምትወጣው። ጭስ ነው ትለኛለች። እሳቱ ጠፍቶ ጭስ ነው ትለኛለች።

አልጋዬ ያለው በመዝጊያው ስንጥቅ አንጻር ነው። ሴቶቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ደጁ ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ እየሳቁ ይገባሉ።

ዮሐንስን አልፈልገውም። ደስታ የሚባል ስም ለዚህ ሰሞን አይስማማንም፤ ደግሞ በቤታችን አንድ ፍሥሐ ይበቃል። ሌላ ይላኩልኝ። እየመረጥኩ ነው፣ አይቸኩሉብኝ።

የብርጓል


ደብረ ኤልያስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሕፃኑ እንዴት ነው? ዓይኔ እንዳለ ነው።

ሰው ጥያቄ ያቆመው እንዳያሰለችሽ ብሎ ይሆናል። ባዘዘውም ለደምበጫ ገበያ ሊደርስ ስለነበር ነው። አራስ ተኝታ ስትውል የመዝጊያ ስንጥቅ ብዙ ነገር ያሳያታል። አልጋሽን ወደ ውስጥ አስገቢው።

ስም ላልሽው እነሆ። ስምዖን አለልሽ፣ መስማት ማለት ነው፤ ይህም ከግእዛችን ሰምዐ ጋር ወንድማማች ነው። ያ በእርጅናው ሕፃኑን በቤተ መቅደስ የታቀፈው ሽማግሌ ስምዖን ይባል ነበር፤ እኔም ልታቀፍ የምጠብቅ ነኝና ይስማማኛል። ደግሞ አልዓዛር አለልሽ። እግዚአብሔር ረዳ ማለት ነው። ግሪኮች ከዕብራይስጡ ራሱን ቆርጠው ላዛሮስ አሉት። የእኛ ሊቃውንት ግን ከነራሱ ነው የጻፉት።

አጥቢያሽ ኪዳነ ምሕረት የሚያገለግለው ቄስ አበባው ስሙን ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ቀኑ ደርሷል። እባክሽ ቶሎ ምረጪ።

አባትሽ


ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017

ይድረስ ለአባቴ፣

አልጋዬን አላስገባሁም።

ስምዖንን አልፈለግሁትም። መስማት ነው አሉኝ፤ የሚነግረኝ ሳይኖር ምን እሰማበታለሁ? አልዓዛርንማ እንዴት ላኩልኝ? ስንት ስም ባለበት መጽሐፍ ከመቃብር የተጠራ ሰው ስም ነው ለልጄ የመረጡለት? እርስዎ ሳያስቡ የሚጽፉ ሰው አይደሉም። ያንን ስም ሲጽፉ ምን ተመኝተው እንደነበር ገብቶኛል፤ ስለገባኝም አልቆጣም።

አንድ ነገር ልንገርዎት። አምና የሔዋን ወንድም ሲሞት እሷ አራስ ነበረች። አራስ መርዶ አይነገራትም ተብሎ መንደሩ በሙሉ ክርስትናው እስኪነሣ ደበቃት። ልጇ ክርስትና በተነሣ ማግስት ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሄደው አረዷት። እኔም ከደበቋት አንዷ ነበርኩ። ከልቅሶ ቤት ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቄ እወጣለሁ፣ ደጇ ስደርስ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ እየሳቅሁ እገባለሁ። ወንድሟን ግን አልጠይቃትም። ስሙን ካነሣሁ ድምፄ እንዳይሰበር ፈርቼ ነበር።

ዘንድሮ እኔ ከመዝጊያው ወዲህ ነኝ።

ቄስ አበባውን ቀኑን ቢገፋልኝ ብዬ አስጠይቄው ነበር። ወንድ በአርባ ቀን ነው አለ። ሴት ብትሆን ኖሮ ሰማንያ ቀን ነበረኝ። ምነው ሴት በሆነ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት። አባቴ፣ እኔ ስም እየመረጥኩ አይደለም። ስም ካልወጣለት ክርስትና አይነሣም፤ ክርስትና ካልተነሣ ማንም ጎህ ሲቀድ ደጄን አይመታም። እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ እስካለሁ ድረስ አንተነህ ደጀን ላይ ቆሞ ስለ ነዳጅ ይጨቃጨቃል። ይህን አይንፈጉኝ። ሌላ ስም ይላኩልኝ፣ እሱንም እንቢ እላለሁ።

የብርጓል


ደብረ ኤልያስ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ልጄ የብርጓል፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ።

ሌላ ስም አልልክልሽም። ያስተማርኩት ሁሉ ስለ ስም ነው፣ ማንን ምን አሉት፣ ምን ማለት ነው፣ እያልኩ አረጀሁ። አሁን የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፤ ጥቅምት ዐሥራ አንድ ቀን ከሰማሁት ጀምሮ በደረቴ ይዤው እዞራለሁ። ለሰው የምነግረው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። የምነግረው ለአንቺ ብቻ ነበር፣ ለአንቺ ደግሞ በወረቀት አይነገርም። የዚህን አገር ሥርዓት አላፈርስም ብዬ ስለ ግሪኮች ጻፍኩልሽ። ዓይኔንም አላመመኝም።

ዘካርያስ በዚያ ዝምታው ለሚስቱ ምን ብሎ ጠቅሷት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ በእጄ እየጠቀስኩሽ ነው። ያየሽልኝ ይመስለኛል።

ግን ልጄ፣ ቀኑን አታሳልፊበት። ሕፃኑ ከእኛ ሐዘን ምንም የለበትም። በአርባ ቀኑ የልጅነቱን ጸጋ ያግኝ። ስሙን አንቺ አውጪው፤ ያወጣሽውን አሜን እላለሁ። ይህ የመጨረሻ ልመናዬ ነው።

ፍሥሐ


ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017

ይድረስ ለአባቴ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ልጁን አጠባሁት። እያየኝ ጠባ። እንደ አባቱ አንድ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን እስከ ዛሬ ልጽፍልዎት አልፈለግሁም ነበር።

ስሙ ዘካርያስ ይሁን።

ከልክለውኝ እንደነበር አልረሳሁም። አባት በሕይወት ሳለ ስሙ ለልጁ አይሰጥም ብለውኛል። በዚያው ቃልዎ ነው የጠራሁት። እግዚአብሔር አሰበ ማለት ነው ብለውኝ ነበር። አሁን ግን ማሰቡን እጠራጠራለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። እሱ ባያስብ እንኳ ይህን ልጅ በጠራሁት ቁጥር እኔ አስባለሁ።

የሉቃስን ወንጌል ከእናቴ ትራስ ሥር አውጥቼ አየሁት። ሽማግሌው በሰሌዳ የልጁን ስም በጻፈ ጊዜ አንደበቱ ተፈታ ይላል። የልጁን ስም ጽፌልዎታለሁ። አሁን እርስዎ ይናገሩ። የት እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሣው፣ የት እንዳለ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፤ ዝም ሲሉኝ ነው የሰማሁት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ አይላኩብኝ። ከእርስዎ ልስማው።

ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ለተዝካሩ ጠላውን የምጠነስሰው እኔ ነኝ አልኳት። ጭስ ነው አላለችኝም።

ሴቶቹንም ከነገ ጀምሮ ደጄ ላይ እንዳይቆሙ አስጠርቼ እነግራቸዋለሁ። እንደለበሱ ይግቡ።

ልጅዎ የብርጓል


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለየብርጓል፣

ደብዳቤሽ መንገድ ላይ አገኘኝ። ይህን ባዘዘው በፈረስ ቀድሞኝ ያመጣልሻል፤ በበር አቀብሎ እንዳይሄድ ነግሬዋለሁ።

ልጄ አንተነህ ጥቅምት ዐሥር ቀን ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አልቆየም አሉኝ። የደጀን ሰዎች አንሥተው አጥበው አመጡልኝ። ደብረ ኤልያስ፣ ከእናቱ ጎን ቀበርኩት። ልጅ መውለድሽን መንገድ ላይ ካገኘው የሮብ ገበያ ሰው ሰምቶ ነበር፤ ለሕፃኑ የገዛው ቢጫ ብርድ ልብስ ጋቢና ውስጥ ተገኝቷል። ይዤው እየመጣሁ ነው።

በሥርዓት የሚነገረውን በወረቀት ጻፍኩት።

ነገ ጠዋት ኪዳነ ምሕረት እገኛለሁ። ቄስ አበባው የሕፃኑን ስም ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ዘካርያስ እላለሁ። ከዚያ አብረን ቤትሽ እንሄዳለን። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት። ደጅሽ ላይ አላስተካክለውም።

አባትሽ ፍሥሐ